የሎማ ሴካ ክንድ

ጋሽ ቴኦፊሎ ሸሚዞቹን አቅፈው በሩ ላይ ሲቆሙ፣ ኢሶሊና ሊያሳጥሩ የመጡ መስሏት ሜትሯን አነሳች።

"እናትሽ የለችም?" አሉ ወደ ጓዳው እያዩ።

"ገበያ ወጥታለች።"

"ተመስገን።" ወዲያው አፋቸውን በእጃቸው ሊይዙ ፈልገው ነበር፤ እጃቸው ሙሉ ሆኖ ሳይሳካላቸው ቀረ። "ማለቴ፣ ደህና ከሆነች ተመስገን።"

ጋሽ ቴኦፊሎ የአደባባዩ ባለሱቅ ናቸው። ሩዝና ዘይት ይሸጣሉ። ከልባቸው የሚይዙት ሥራ ግን የሎማ ሴካ ከተማ የቤዝቦል ደጋፊዎች አለቃነት ነው። እሑድ እሑድ ወደ ትልቁ ከተማ ስታዲየም አውቶቡሱን የሚያስነሱት፣ ከበሮውን የሚያስጭኑት፣ ለቀረው ሰው ደግሞ ሬዲዮኑን ከድምፅ ማጉያው ጋር አያይዘው የሚሄዱት እሳቸው ናቸው። ሸሚዞቹን ጠረጴዛዋ ላይ ዘረገፏቸው። ቢጫ ናቸው። በየጀርባቸው በአረንጓዴ ክር የተጫዋቻቸው ስም "ራዳሜስ" ተብሎ ተጠልፏል። ጠላፊዋ ኢሶሊና ነበረች።

"እንግዲህ ልጄ፣ እንዳትቀየሚኝ። ስሙን ፍቺልን።"

"ተሳስቼ ነው?"

"ኧረ ምኑም አልተሳሳተ! እንዲህ ያለ ጥልፍ የት ይገኛል? ብቻ... ትልቁ ከተማ ወስደን በሌላ እጅ እናስጠልፈዋለን።"

"በሌላ እጅ" አለች። መጠየቋ አልነበረም።

"እኔ አይደለሁም እኮ፣ ሰዉ ነው።"

ከውጭ፣ ከባቡር ሐዲዱ ወዲያ የቆሙ ጓደኞቻቸው ድምፅ መጣ። "ቴኦፊሎ፣ ቶሎ ውጣ እንጂ! ብዙ ከቆየህ የአንተም የዶሚኖ ዕድል ይነጥፋል!"

"የሱማ ድሮም ነጥፏል!" አለ ሌላው። ሳቁ መንገዱን ሞላው።

ጋሽ ቴኦፊሎ ጣራውን አዩ፤ ወለሉን አዩ። "ዛሬውኑ እንኳ ባይሆን..." ብለው ጀመሩ።

"ይቀመጡ። ቶሎ ያልቃል።"

ትንሿን መቀስ አንስታ ከመጨረሻው ፊደል ጀመረች። ምሽቶቿን ሁሉ የወሰደባት ጥልፍ ሲፈታ ጊዜ አልፈጀም። አንዱን ክር ስትስበው ሌላው ተከትሎት ይመጣል፤ ልክ ሲጠብቅ እንደኖረ። የመጀመሪያውን ሸሚዝ ጨርሳ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘችው። ክሩ ወጥቷል። ስሙ ግን በመርፌዋ ቀዳዳዎች ውስጥ አሁንም ይነበብ ነበር። በጣቷ አሻሸችው፤ ቀዳዳዎቹ አልተደፈኑም። በዚያች ቅጽበት ማልቀስ የፈለገችው ለራሷ ይሁን ለጨርቁ መለየት አቃታት።

*

የስኳር ፋብሪካው ከተዘጋ ወዲህ ሎማ ሴካ የሚጠብቀው ነገር አልነበረውም። ታዲያ አንድ ቀን ከባሕር ማዶ የመጣ የቤዝቦል ተጫዋች መልማይ የፍጥነት መለኪያውን በአንድ ቀጭን ልጅ ላይ ደገነ። ልጁ ኳስ ወረወረ። መለኪያው በሰዓት ዘጠና ስምንት ማይል አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ራዳሜስን በስሙ የጠራው የለም። "ዘጠና ስምንት!" ይሉታል አሮጊቶቹ ሳይቀሩ። ጠዋት ሲያገኙት እንዴት አደርክ አይሉትም፤ "ክንድህ እንዴት አደረ?" ነው የሚሉት። ባልዲ ሲያነሳ ሦስት ሰው ተነስቶ ይነጥቀዋል። በቀኝ ጎኑ እንዳይተኛ እናቱን የመከሩ አሉ። ሲያስነጥሰው ሠፈሩ በሙሉ ይማርህ ይላል።

አሁን ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው። ባሕር ማዶ ባስፈረመው ክለብ ታናናሽ ቡድኖች ውስጥ ሲወረውር ይከርምና፣ ጥቅምት ሲጠባ በሀገር ቤቱ ሊግ ሊጫወት ይመጣል። በመጣ ቁጥር ሰዉ "ዘንድሮ ነው" ይላል። ከላይኛው ቡድን የሚጠሩት ዘንድሮ ነው፤ ስሙ በቴሌቪዥን የሚነገረው ዘንድሮ ነው፤ የሎማ ሴካ ሰው ከየት ነህ ሲባል አንገቱን ቀና አድርጎ የሚመልሰው ዘንድሮ ነው።

ኢሶሊናን ያወቃት በዚህ ጥቅምት፣ ለአጎቱ ልጅ ሠርግ የኮት እጅጌ ሊያሳጥር ሐዲዱን ተሻግሮ የመጣ ዕለት ነው።

"እንዴት አደርሽ?" አላት።

"ደህና። አንተስ?"

ቀና ብሎ አያት። "እኔ?"

"ሌላ ሰው አለ እንዴ?"

ሳቀ። ከዚያ ሳቁ እየደከመ ሄደና ዓይኑ ብቻ ፊቷ ላይ ቀረ። በማግስቱ ቁልፍ የተነቀለበት ሸሚዝ ይዞ መጣ። ክሩን ስታየው በጥርስ የተበጠሰ ነበር። ምንም ሳትል ተከለችለት። ከሁለት ቀን በኋላ ሌላ ሸሚዝ አመጣ። "ሸሚዝ እየጨረስክ ነው" አለችው ቀና ሳትል። "ሱሪ አለኝ" አላት። ኢሶሊና ብዙ የማትናገር ልጅ ናት፤ ያን ቀን ግን ብቻዋን ስትስቅ እናቷ ሰማቻት።

ለከተማው ጠባቂ ቅድስት በዓል፣ ሰው ሁሉ አደባባይ በወጣበት፣ እጇን ይዞ አብሯት ተራመደ። የኢሶሊና አባትና እናት ከሄይቲ ሸንኮራ ሊቆርጡ የመጡ ናቸው። እሷ የተወለደችው እዚሁ ነው፤ ነገር ግን የሸንኮራ ቆራጮቹ ሠፈር ከሐዲዱ ማዶ ስለሆነ፣ ለከተማው ሰው ያቺ ጥቂት እርምጃ ሌላ ባሕር ናት። በበዓሉ ማግስት፣ እሑድ፣ የራዳሜስ ኳስ ዘጠና አንድ ማይል ብቻ ሄደች። በሚቀጥለው እሑድ ሁለተኛው ዙር ሳያልቅ ከሜዳ አስወጡት።

ዶሚኖው ጠረጴዛ ላይ አንዱ ወደ ኋላ ቆጠረ። ከበዓሉ ጀምሮ ነው አለ። ሌላው የሐዲድ ማዶ ሰዎች የሚያውቁት ነገር አለ አለ። ሦስተኛው ቃሉን አወጣው። ገደ ቢስ።

ኢሶሊና በዚህ አልሳቀችም። ለማንም ያልተናገረችው ይህን ነበር፤ ግማሽ ልቧ አምኗቸዋል። ስልኩን ማንሳት ተወች። መስኮቷ ሥር ሲያፏጭ መብራት አጠፋች። ከጓዳው በር ጀርባ ቆማ፣ እናቷ ሳታይ፣ ጨው በበጠበጠችበት ውሃ ትታጠብ ጀመር።

እናቷ ክሌርሚዝ ግን ዓይኗ አያመልጠውም። "ጨዉን ጨረስሽው" አለቻት አንድ ቀን። "ባቄላውን በምን ልቀቅለው ነው?"

"እማ፣ እውነት ቢሆንስ?"

"ምኑ?"

"የሚሉት።"

ክሌርሚዝ ማሰሮዋን አስቀመጠች። "የልጄ እግር የሰው ኳስ ካዘገየ፣ ምነው ታዲያ የዚያን የቴኦፊሎን ድምፅ ማጉያ አንድ ቀን ዝም አያሰኝልኝ!"

እሑድ ድምፅ ማጉያው ዝም አላለም። ኢሶሊና ጨዋታውን ላለመስማት የስፌት መኪናዋን በባዶው ትረግጥ ነበር። ያለሷ ቢያሸንፍ ገደ ቢስነቷ ሊረጋገጥ ነው፤ ቢሸነፍ ደግሞ እሱ ሊዋረድ ነው። የቱን እንደምትመኝ አታውቅም። ከአደባባዩ የሰዉ ማቃሰት ሲመጣ እግሯ ቆመ። ተሸንፏል። እና ከሐዘኗ ሥር፣ እግዜር ይቅር ይበላት፣ ትንሽ ደስታ አገኘች። ለካ እኔ አይደለሁም አለች።

ዶሚኖው ጠረጴዛ ግን መልስ አያጣም። ጥልፉስ የማን ነው? አሉ። ጀርባችን ላይ ተሸክመናት ሄደን እኮ ነው! ሸሚዞቹ የመጡት በዚህ ምክንያት ነበር።

*

"ሸሚዞቹን ሰማሁ። ፉርጎዎቹ ጋ ነኝ" የሚል የራዳሜስ መልእክት ስልኳ ላይ ገባ።

ልትሰናበተው ወሰነችና እጅጌውን አሳጥራ የጨረሰችውን ኮቱን በክንዷ ላይ አጥፋ ሄደች። ከሐዲዱ መጨረሻ የዛጉ የሸንኮራ ፉርጎዎች ሣር በልቷቸው ቆመዋል። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ራዳሜስ የአንዱ ፉርጎ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ሲያያት ብድግ አለ። ከስቷል። ዓይኖቹ ፊቷን እንደ ተጠማ ሰው ጠጡት። እሷ ግን ዓይኗን ኮቱ ላይ ተከለች።

"ለካው" አለችው። "ልክ ካልሆነ ሌላ ሰው ያስተካክልልሃል። እኔ ከእንግዲህ..."

"ኢሶ።"

"ለካው አልኩህ።"

ግራ እጁን አስገባ። ቀኙን ሲያስገባ እጅጌው ክርኑ ላይ ሲደርስ ቆመ። ለሕፃናት ልብስ ስትለካ እንደምታደርገው እጅጌውን ይዛ ወደ ታች ሳበችው።

"ክንድህን ልቀቀው።"

"ለቅቄዋለሁ።"

ቀና ብላ አየችው። ግንባሩ በላብ ርሷል። ከንፈሩ ነጥቷል። ክንዱ አየር ላይ ታጥፎ፣ የእሱ ያልሆነ ነገር ይመስል ተንጠልጥሏል። ኮቱን ቀስ ብላ መልሳ አወለቀችለት።

"መቼ ነው?" አለች።

"ነሐሴ ላይ። እዚያ እያለሁ። አንድ ኳስ ወረወርኩና ጨርቅ ሲቀደድ የምትሰሚው ዓይነት ድምፅ ሰማሁ። ከውስጤ። ለማንም አልተናገርኩም።"

"ነሐሴ።"

"አዎ።"

"እኔን ያወቅኸኝ በጥቅምት ነው።"

ከሩቅ የአንድ ሞተር ብስክሌት ድምፅ መጣና አለፈ።

"ስለዚህ ታውቅ ነበር" አለች ኢሶሊና። ድምፅዋ ከወትሮውም ዝቅ ያለ ነበር። "ዶሚኖው ጋ ስሜን ሲያነሱ አንተ እዚያ ነበርክ?"

"ነበርኩ።"

"ምን አልክ?"

"ምንም አላልኩም።"

"ሳቅህ?"

ፊቱን ወደ ፉርጎው አዞረ። "ፈገግ አልኩ።"

"እኔ በጨው ስታጠብ ነበር፣ ራዳሜስ።" በስሙ ስትጠራው ደነገጠ። "የምወደው ሰው ላይ መዓት ያመጣሁ መስሎኝ ራሴን በጨው ስፈትግ ነበር። እጄ ተላልጧል፤ ይኸው እየው።"

እጇን ሊይዝ ተጠጋ። ወደ ኋላ አለች።

"ምን ልበላቸው?" አለ። ድምፁ ተሰበረ። "ጋሽ ቴኦፊሎ ከሱቁ ግድግዳ ላይ የእናታቸውን ፎቶ አውርደው የኔን ሰቅለዋል። የእናታቸውን እኮ ነው! የማላውቃቸው ሴቶች ክንዴን ነክተው ያማትባሉ። ይሄ ክንድ የኔ ይመስልሻል? የነሱ ነው። እኔ ተሸካሚው ነኝ። ቢያውቁ ክለቡ ያሰናብተኛል፤ እሱን እንኳ እችለዋለሁ። የነዚህን ሰዎች ፊት ማየት ነው የማልችለው።"

"የኔንስ ፊት?"

የታጠፈውን ክንዱን በግራ እጁ አቀፈው።

"እሑድ የክለቡ ሰው ሊያየኝ ይመጣል" አለ በመጨረሻ። "የማደንዘዣ መርፌ ተወግቼ እወረውራለሁ። የሚመጣውን ዓመት ካረጋገጥኩ ለሁሉም ራሴ እናገራለሁ። እስከ እሑድ ብቻ፣ ኢሶ።"

"እስከ እሑድ ገደ ቢሷ እኔ ልሁን?"

አዎ አላላትም። አይሆንም፣ ገደ ቢስ እንድትባዪ አልፈልግም፣ ዛሬውኑ አደባባይ ወጥቼ እናገራለሁ ይላታል ብላ ጠበቀች። ዓይኑን ስትፈልግ ዓይኑ ጫማው ላይ ነበር። ነፋሱ ሣሩን አጎነበሰው፤ መልሶ ቀና አደረገው።

"እኔኮ መጀመሪያ ቀን 'አንተስ' ብዬ የጠየቅኩህ ሰው ነኝ" አለችው።

ኮቱን አጣጥፋ ደረጃው ላይ አስቀመጠችለትና ሐዲዱን ተከትላ ተመለሰች። እስከዚያ ቀን ድረስ ብቸኝነት ማለት እሱ በሌለበት መሆን ይመስላት ነበር። ከፊት ለፊቱ ቆማም ያው መሆኑን አሁን አወቀች።

*

ዓርብ ዕለት ጋሽ ቴኦፊሎ ሁለት ሰዎች አስከትለው መጡ። ሦስቱም ባርኔጣቸውን አውልቀዋል። ክሌርሚዝ በሩን በሰውነቷ ሞላችው።

"ደግሞ ምን ልትፈቱ ነው? ቤቱን?"

"እትዬ ክሌርሚዝ፣ በሰላም ነው የመጣነው። ነገ ከሰዓት ሜዳው ላይ ልጁን በጤና አዳምና በጨው ልናሳጥበው ነው። የዱሮ ሰዎች ደንብ ነው፣ አንቺም ታውቂዋለሽ። ታዲያ ደንቡ... ያው... ገዱን የወሰደው እጅ ነው የሚመልሰው።"

"የልጄ እጅ?"

"ክፉ አይደለም እኮ። ክንዱን ዘርግቶ ይሰጣታል፣ እሷ ከብብቱ እስከ ጣቱ ውሃውን ታወርድለታለች፣ በቃ። እሑድ ይወረውራል። ከዚያ ማንም ምንም አይላትም፤ ቃሌ ነው።"

"እኔ ልምጣና በፈላ ውሃ ልጠብላችሁ?"

አንደኛው ሰውዬ ወደ ኋላ እርምጃ ወሰደ።

"እመጣለሁ" አለች ኢሶሊና ከውስጥ።

እናቷ ዞር ብላ አየቻት። ኢሶሊና ለምን እሺ እንዳለች ለራሷም ማስረዳት አትችልም ነበር። ለእሱ የምታደርግለት የመጨረሻ ነገር ይሆናል ብላ ይሆናል። ወይም አንድ ጊዜ፣ ሰው ሁሉ ባለበት፣ ዓይኖቹን ማየት ፈልጋ ይሆናል።

ቅዳሜ ሜዳው ሞልቶ ነበር። በተዘጋው ፋብሪካ ግንብ ጥላ ሥር ሴቶቹ ወንበር አውጥተዋል። አንዲት ሴት የተጠበሰ ሙዝ እየዞረች ታቀርባለች። ከበሮው ቀስ እያለ ይመታል፤ የነገው ድል ዛሬ የተጀመረ ይመስል ሰዉ ተጠራርቶ ይሳሳቃል። ራዳሜስ መወርወሪያው ጉብታ ላይ እጅጌ የሌለው ካናቴራ ለብሶ ቆሟል። ከጉብታው ሥር ውሃ የሞላ ገበታ አለ፤ የጤና አዳሙ ቅጠል ይንሳፈፍበታል።

ኢሶሊና ስትገባ ሳቁ ቆመ። ሰዉ መንገድ ለቀቀላት፤ ልብሷ እንዳይነካቸው ቀሚሳቸውን የሰበሰቡ ነበሩ። ይህን አየች። ቀስ ብላ፣ አንገቷን ሳትደፋ አለፈች። ከኋላ እናቷ ክንዷን አጣምራ አጥሩ ጋ ቆማለች።

ጉብታው ላይ ወጥታ ፊት ለፊቱ ቆመች። ዓይኖቻቸው ተገናኙ። እንዲናገር አልለመነችውም፤ ዓይኗ ውስጥ ልመና እንዳይኖር ሌሊቱን ሁሉ ስትታገል ነው ያደረችው። ዝም ብላ አየችው ብቻ፣ ያን የመጀመሪያ ቀን እንዳየችው። ራዳሜስ ዓይኑን ወደ ገበታው አወረደ።

ጎንበስ ብላ በጣሳው ውሃ ቀዳች።

"ዘርጋ!" አሉ ጋሽ ቴኦፊሎ በደስታ።

ክንዱን አነሳ። ክርኑ ላይ ታጥፎ ቆመ።

"ዘርጋው እንጂ ዘጠና ስምንት! አፈርክ እንዴ?"

"ሙሽራ መስሎታል!" አለ አንዱ፤ ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። "ዘርጋ! ዘርጋ!" እያለ ከበሮው ተቀበለ፤ ሕፃንና ሽማግሌው በአንድ ድምፅ "ዘርጋ! ዘርጋ!"

ራዳሜስ ሞከረ። ኢሶሊና ከሁሉም ይልቅ ቅርብ ነበረችና የፊቱ ቀለም ሲለወጥ አየች፤ ጥርሱ ሲፋጭ ሰማች። እጇ ሳታዘው ተነሳ። ግራ እጇን ከክርኑ ሥር አስገብታ ደገፈችው፤ ትከሻዋን አዙራ ከሰዉ ዓይን ጋረደችው። ውሃውን ቶሎ ብላ ልታፈስና ልትጨርሰው ነበር። ማንም ሳያይ ያልፍለት ነበር። የክንዱ ክብደት በሙሉ መዳፏ ላይ ዐረፈ፤ እንደ ታመመ ሕፃን ይሞቅ ነበር።

"ተዪው" አላት በሹክሹክታ። "አትሸፍኚኝ።"

"ዝም በል። ሊያልቅ ነው።"

"ኢሶ፣ ተዪ።"

ቀና ስትል እያለቀሰ ነበር። እጇን በግራ እጁ ያዘና ቀስ ብሎ ከክርኑ ሥር አወጣው። ወደ ሰዉ ዞረ። የታጠፈውን ክንዱን እንደታጠፈ አነሳው።

"አይዘረጋም!"

ከበሮው ጥቂት ቀጠለ፤ ከዚያ መቺው እጁን ቆዳው ላይ አሳረፈ።

"አይዘረጋም" አለ ራዳሜስ እንደገና። "ከነሐሴ ጀምሮ አይዘረጋም። እዚያ እያለሁ ነው የተቀደደው። ያኔ እሷን አላውቃትም። ስሟን እንኳ አላውቅም ነበር። እናንተ በእሷ ስታላክኩ እኔ እያወቅኩ ዝም አልኩ። ፈገግ አልኩ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።"

ሙዝ የምትሸጠዋ ሴት ሳህኗን እንደያዘች ቀረች። ከግንቡ ላይ እርግቦች ተነሱ።

"ሲሞቅ ይዘረጋል" አሉ ጋሽ ቴኦፊሎ። ወደ ጉብታው ቀረቡ። "ልጄ፣ ቅባት ነገር አሸት አሸት ካደረግነው... ነገ እኮ ሰውየው ይመጣል።"

"ነገ አልወረውርም፣ ጋሼ።"

"ትንሽ እንኳ?"

"ምንም።"

"ታዲያ ዘጠና ስምንትስ?" አሉ ጋሽ ቴኦፊሎ። ስለ ሞተ ሰው የሚጠይቁ ይመስሉ ነበር፤ አጠገባቸው የቆመው ልጅ ሌላ፣ የሚጠይቁለት ሌላ።

ማንም አልተሳደበም። ቢሳደቡ ይሻል ነበር። ሰዉ ወንበሩን እያነሳ፣ እየተንሾካሾከ፣ ከለቅሶ ቤት እንደሚወጣ ሰው ተበተነ። አንዳንዱ ሲያልፍ የራዳሜስን ግራ ትከሻ ነካ አደረገ፤ ብዙው ወደ እሱ አላየም። ያን ሁሉ ዓመት ዓይኑን ያልነቀለበት ሰው፣ አሁን ሲያልፈው እንደ ቆመ እንጨት ነው ያለፈው። ወደ ኢሶሊና ቀርቦ ይቅርታ ያላት አልነበረም። ጋሽ ቴኦፊሎ ብቻ ገበታውን ሊያነሱ ጎንበስ ብለው፣ "ልጄ..." አሉ። የሚቀጥለውን አጡት። ውሃውን ሣሩ ላይ ደፉና ገበታውን በብብታቸው ሸጉጠው ሄዱ።

ክሌርሚዝ አጥሩ ጋ ልጇን አየቻት። ከዚያ ክንዷን ፈትታ፣ ሳትጠራት፣ ቀድማ ወደ ቤት አቀናች።

ሜዳው ላይ ሁለቱ ቀሩ።

"ይቅር በይኝ" አላት።

"ዛሬ አልችልም።"

"ነገስ?"

"አላውቅም። አትጠይቀኝ።" ጣሳው ገና በእጇ ነበር፤ መሬት አስቀመጠችው። "ቀድመህ ብትናገረው ኖሮ እዚሁ አቅፌህ አለቅስ ነበር። አሁንም ማልቀስ እፈልጋለሁ። ማቀፉን ግን ክንዴ እምቢ አለኝ።"

ራሱን ነቀነቀ። ስላልተከራከራት የበለጠ አመማት።

ጉብታውን ወርዳ መንገድ ጀመረች። ትንሽ ቆይቶ ከኋላዋ የእርምጃ ድምፅ ተሰማት። ሊደርስባት አልሞከረም፤ የሠፈሩ መንገድ አንድ ነው፣ እሱም ወደ ቤቱ ነው የሚሄደው። በአደባባዩ በኩል አለፉ። በየበሩ ሰው ተቀምጧል። ራዳሜስ በዚህ መንገድ ሲያልፍ ሳይጠሩት፣ ሳያስቆሙት፣ ሳይነኩት የቀሩበት ቀን አልነበረም። ዛሬ አንድም አፍ አልተከፈተም። ድምፅ ማጉያው እንኳ ጠፍቷል። የሚሰማው የጫማው ኮቴ ብቻ ነበር፤ በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ብቻውን የሚሄድ ሰው ኮቴ።

ይህን ዝምታ ኢሶሊና ታውቀዋለች። በዚሁ መንገድ፣ በነዚሁ በሮች ፊት፣ ስንት ቀን ተሸክማው አልፋለች። ፍትሕ ነው ብላ ልትደሰት ሞከረች። ደስታው እምቢ አላት። ደረቷ ውስጥ ያለው ነገር ቁጣ ነው ስትል ፍቅር ይሆንባታል፤ ፍቅር ነው ስትል ቁጣ። ለጠላቷ የማትመኘው ብቸኝነት አሁን ጥቂት እርምጃ ብቻ ከኋላዋ ነበር፤ ሲተነፍስም ትሰማዋለች።

ዞር ብላ አላየችውም። አልቆመችም። እርምጃዋን ግን ቀነሰች፤ በየበሩ የተቀመጠው ሰው በማያስተውለው፣ እሱ ብቻ ሊሰማው በሚችለው ያህል።